ውበት ሃምሳ አንድ

ባለፈው ጥቅምት አሰላ ሄጄ፣ ከመናኸሪያ ወደ ድሮ ሰፈራችን በእግሬ ስወርድ፣ አንድ አጥር ጥግ ላይ ሽታ ጨምድዶ ያዘኝ። የበሰበሰ ጭድ፣ እርጥብ አፈር፣ ትንሽ እበት። አብራኝ የነበረችው የአክስቴ ልጅ አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍና «ኤጭ! ምን ዓይነት ግማት ነው?» አለች። እኔ ቆምኩ። አንገቴን አስግጌ በአጥሩ ላይ ሳይ፣ እንደጠረጠርኩት ጉድጓድ ውስጥ የቤት መምረጊያ ጭቃ ተቦክቶ ተቀምጧል።

«አራተኛ ቀኑ ነው» አልኳት።

«ማን ነገረሽ?»

«ሽታው። ገና ሦስት ቀን ይቀረዋል።»

ሳቀችብኝ። ትሳቅ! እኔ የጭቃን ዕድሜ በአፍንጫዬ የምለይ ሰው ነኝ፤ በዚህም አላፍርም። ድሮ ግን አፍር ነበር። ይህን ሙያ ያስተማረኝ ትምህርት ቤት ነው ብል ማን ያምነኛል? እውነቱ ግን ይሄ ነው፤ አራተኛ ክፍል እያለሁ፣ በአንድ የካርድ ነጥብ የተነሳ።

እናቴ ሎሚ ትባላለች። ሰፈሩ «አዴ ሎሚ» ነው የሚላት፤ አዴ በእኛ አገር ለሴት የክብር መጠሪያ ነው። የሳጉሬ ገጠር ልጅ ናት። አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛ የለመደችው አሰላ ከገባች በኋላ ነው። አባቴ ደግሞ ቀልድ የማይበቃው ሰው ስለሆነ፣ ሚስቱ ሎሚ ሆና ሳለች ለእኔ ለልጁ ብርቱካን የሚል ስም አወጣልኝ። የክፍል ልጆች ቤታችንን «ጁስ ቤት» ይሉት ነበር። አባቴ ኮምባይነር ነጂ ነው፤ ስንዴ ሲደርስ ወደ ባሌ ይሄድና ወራት ይጠፋል። ስለዚህ ቤቱን የምታስተዳድረው እናቴ ነበረች፤ ጠብ ሲኖርም የምትጣላው እሷው ነበረች።

ሥራዋ ጭቃ ነው። ሰው ቤት ሲያቆም ማገሩን ወንዶች ያስራሉ፣ ምርጊቱንና ልስኑን ግን እናቴ ተጠርታ ትሠራለች። የታወቀችው ግን በመጨረሻው ነገር ነው። ግድግዳው ከደረቀ በኋላ፣ በበሩና በመስኮቱ ዙሪያ በቀይ፣ በነጭ፣ በጥቁርና በአመድማ አፈር ጌጥ ትስላለች። ማስመሪያ የላት፣ ብሩሽ የላት፤ ሦስት ጣትና አንድ የጨርቅ ቁራጭ ብቻ። እኛ ሰፈር «የሎሚ በር» ያለው ቤት ከሩቅ ይታወቃል። ሰዎች አላፊ አግዳሚውን አቅጣጫ ሲነግሩ «የሎሚን በር አልፈህ ወደ ግራ» ይሉ ነበር።

እኔ ግን አፍርባት ነበር። ልዋሽ አልፈልግም። እግሯ ሁልጊዜ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ነጭ ነው፤ የደረቀ ጭቃ። መዳፏ ተሰነጣጥቋል። ትምህርት ቤት በር ላይ ከሩቅ ሳያት ከጓደኞቼ መሀል ወጥቼ እሮጥና ወደ ሌላ መንገድ እወስዳት ነበር። ከሁሉም በላይ የማፍረው ደግሞ በአውራ ጣቷ ነው። ካርድ ሲሰጠን «የወላጅ ፊርማ» የሚል ቦታ አለ። እናቴ መጻፍ ስለማትችል፣ እኔ አውራ ጣቷን በእስክሪብቶ እሞነጫጭርና ወረቀቱ ላይ ትጫነዋለች። የሌላው ሰው አሻራ ሲታይ ቀጭን ቀጭን መስመር አለው። የእናቴ የለውም፤ ጭቃ በልቶታል። የሚወጣው አንድ ሰማያዊ ክብ ብቻ ነው። የክፍላችን ኃላፊ መምህርት ጥሩወርቅ አንድ ጊዜ ካርዴን ወደ ብርሃን አንስተው «ይሄ አሻራ ነው ወይስ ቀለም ፈሶበት ነው?» አሉ፤ ክፍሉ ሳቀ። መምህርቷ ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ግን እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አሁን ወደ ነጥቡ።

ጥር ላይ የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ካርድ ተሰጠን። ከትምህርቶቹ ዝርዝር መጨረሻ ላይ «ሥነ ውበት» የሚል አለ። ይህ ትምህርት በፕሮግራማችን ላይ አርብ ከእረፍት በኋላ ተጽፏል፤ ነገር ግን ማንም አስተምሮን አያውቅም። በዚያ ሰዓት ወይ ሒሳብ እንደግማለን፣ ወይ የትምህርት ቤቱን ጎመን እንኮተኩታለን። ፈተና የለውም፣ መጽሐፍ የለውም፣ ነጥብ ግን አለው። እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? ያልተማርነው፣ ያልተፈተንነው፣ ስሙ «ውበት» የሆነ ነገር! መምህርቷ እያዩን መልካችንን አርመዋል አልን። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ነገሩም ልክ ይመስል ነበር። ጎረቤታችን ሜሮን፣ ፀጉሯ ሁልጊዜ የተሠራ፣ ካልሲዋ የበረዶ ያህል ነጭ፣ ሰማንያ ስምንት አገኘች። ቆንጆ ናት፤ ማንም አልተከራከረም። ከድር አርባ ዘጠኝ አገኘ፤ የፊት ጥርሱ የወለቀ ሰሞን ስለነበር «ጥርስህ ሲበቅል ይሻሻላል» ብለን አጽናናነው። እኔ ሃምሳ አንድ።

ቤት ገብቼ መስታወት ፊት ቆምኩ። ጆሮዬ ትልቅ ነው፤ ለሱ አሥር ቢቀነስ፣ ለግንባሬ ደግሞ... ቁጭ ብዬ ራሴን አረምኩ። ማለፌ ራሱ የመምህርቷ ደግነት መሰለኝ።

ለእናቴ ካርዱን ያነበብኩላት እኔ ነኝ፤ ያንን መስመር ግን ዘለልኩት። አላወቀችም ነበር። የሜሮን እናት እትዬ ብዙነሽ ባይመጡ ኖሮ ነገሩ ተዳፍኖ ይቀር ነበር። እትዬ ብዙነሽ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናቸው፤ በሥራ ዝውውር ከሸዋ የመጡ፣ ካርድ ማንበብ የሚወዱ ሴት። አነሱት፤ መነጽራቸውን አደረጉ።

«አማርኛ ሰማንያ ስድስት። አፋን ኦሮሞ ዘጠና። ሒሳብ ሰባ ሁለት። ጎበዝ! ሥነ ውበት ሃምሳ አንድ።»

«ምኑ?» አለች እናቴ።

«ውበት።»

«ውበት፣ መልክ?»

እትዬ ብዙነሽም በደንብ የገባቸው አይመስለኝም። «እንግዲህ ወረቀቱ እንደዚያ ይላል» አሉ፤ ከዚያ ደግሞ ዝም ማለት አቃታቸው፤ «የኔዋ ሰማንያ ስምንት ናት።»

እናቴ ካርዱን ከእጃቸው ተቀበለች። 

በማግስቱ ከሥራ ቦታዋ በቀጥታ ወጥታ፣ ኮንጎ ጫማዋ ላይ ጭቃው እንዳለ፣ ከክፍል አስጠራችኝ። ካርዱን በአንድ እጇ፣ እኔን በሌላው ይዛ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባች። ዳይሬክተሩ አቶ ፈይሳ ጠረጴዛቸው ላይ አሉ። ጥግ ላይ ደግሞ ቲቸር ይርጋ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ፣ የማዳበሪያ ጆንያ ላይ የሰው አንጀት ይስላል። ቲቸር ይርጋ ከወሎ ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። የተማረው ስዕል ነው፤ እኛ ጋ ሲመጣ ግን ስዕል የሚያስተምርበት ክፍል ስላልተገኘ፣ የትምህርት መርጃ መሣሪያ ክፍል ተሰጥቶት ቀኑን ሙሉ ጉበትና ካርታ ይስል ነበር።

«የልጄን መልክ የሚያርመው ማን ነው?» አለች እናቴ።

«ምን አሉ?» አሉ አቶ ፈይሳ።

«ሃምሳ አንድ ያላት። ይምጣ። እኔን ይየኝ። የወለድኳት እኔ ነኝ፤ ጉድለት ካለ የኔ ነው። ከኔ ይቀንስ!»

አቶ ፈይሳ መጀመሪያ አልገባቸውም። ካርዱን አዩ፤ ከዚያ ሳቅ ሲያፍናቸው ፊታቸው ቀላ። ድምፅ ሰምተው የገቡት መምህርት ጥሩወርቅም ነገሩ ሲነገራቸው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። እናቴ ግራ ቀኝ አየች። ያልገባት ነገር እንዳለ ገባት፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቀችም። እጄን አጥብቃ ያዘችኝ። ያን ጊዜ በሳቃቸው ተናደድኩ እንጂ አላፈርኩም። ለመጀመሪያ ጊዜ።

ያልሳቀው ቲቸር ይርጋ ነው። ብሩሹን አስቀምጦ ተነሳ።

«አዴ ሎሚ፣ ስለ መልኳ አይደለም። የትምህርት ስም ነው። ስዕል፣ ሙዚቃ፣ የእጅ ሥራ። ልጅቷ በእጇ የሚያምር ነገር መሥራት ትችላለች ወይ ነው የሚለው።»

እናቴ ይህን በሆዷ ጥቂት አመላለሰችው።

«እሺ። ይሄን ማን አስተማራት?»

 አቶ ፈይሳ መምህርት ጥሩወርቅን አዩ። መምህርቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ «ክፍለ ጊዜው ለሒሳብ ማጠናከሪያ ነው የዋለው። ከለር ያላቸው ልጆች ቤታቸው ሠርተው አምጥተዋል። ከለር የሌላቸው ደግሞ...»

«ሃምሳ አንድ» አለች እናቴ።

«ምን እናድርግ?» አሉ አቶ ፈይሳ፤ አሁን አይስቁም። «በጀት የለም። ለዚህ ሁሉ ተማሪ ከለር ከየት ይምጣ?»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ከለር ምንድን ነው?»

«ቀለም ነው፣ እማዬ።»

«ቀለም?» ወለሉን አየች፤ የራሷን እግር አየች፤ በመስኮቱ በኩል ሜዳውን አየች። «ቀለም አጣን ነው የምትሉት? እላዩ ላይ ቆማችሁ?»

ቲቸር ይርጋ ወደ መሳቢያው ሄዶ አንድ ደብተር አወጣ። ሲገልጠው ሁሉም ገጽ በር ነው። የሰፈራችን በሮች፣ በእርሳስ። አሰላ ከገባ ጀምሮ በእግሩ እየዞረ የሳላቸው ናቸው፤ ማን እንደሠራቸው ግን አልጠየቀም ነበር።

«እነዚህ የእርስዎ ናቸው?»

እናቴ ገጾቹን በጣቷ ገለጠች። ደስ ይላታል ብዬ ስጠብቅ «ይሄ ተንጋዷል» አለች። «ሁለተኛው መስመር ከበሩ ራስ ላይ ነው የሚነሳው። እንዲህ ብሠራው ባለቤቱ መች ያስገባኝ ነበር?»

እንዲህ ነው የተጀመረው። አቶ ፈይሳ ብዙ አሰቡ፣ ራሳቸውን አከኩ፣ በመጨረሻ ፈረዱ። የአራተኛ ክፍል የኋላ ግድግዳ ምርጊቱ ተፈነቃቅሎ ቆይቷል። እናቴና ቲቸር ይርጋ በሥነ ውበት ክፍለ ጊዜ ከእኛ ጋር ይሥሩት። የወላጆች ቀን ሲደርስ ለሰው የሚታይ ነገር ካለ ክፍለ ጊዜው ይቀጥላል፤ ከሌለ ለሒሳብ ይሰጣል።

«ካልሆነ» አለች እናቴ ከበሩ ላይ ሆና፣ «ሎሚ ጭቃ አታውቅም በሉ።»

ይህ ቀላል ቃል አይደለም። በወላጆች ቀን የሚመጣው ማን ነው? ቤታቸውን የሠራችላቸው፣ ገና የሚያሠሯት ሰዎች ናቸው። ስሟን ነው ያስያዘችው።

እኔ ደግሞ ምን እንዳልኳት ልንገራችሁ። ከቢሮው ስንወጣ፣ ከሜዳው ዳር ደርሰን «እማዬ፣ አንቺ ባትመጪስ? ለቲቸር ይርጋ ብቻ ብታሳዪው?» አልኳት።

«ለምን?»

ዝም አልኩ። እግሯን አየች። እሷም ዝም አለች። እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ ያ ዝምታዬ ነው።

መጣች። አርብ ከእረፍት በኋላ፣ ንጹሕ ሻሽ አስራ፣ እግሯን ታጥባ መጣች። የመጀመሪያው የቤት ሥራ አፈር ነበር። እያንዳንዳችን ከየደጃችን በፌስታል አፈር ይዘን እንድንመጣ ታዘዝን። እናንተዬ፣ አፈር ስንት ዓይነት እንደሆነ አላውቅም ነበር! ሁላችንም አንድ ከተማ ውስጥ እየኖርን የአንዳችን ቀይ፣ የአንዳችን ቡና ዓይነት፣ የሌላችን ወይን ጠጅ የመሰለ። አያቱ ሳጉሬ ያሉት ከድር ጥቁር፣ ቅባት ያለው የሚመስል አፈር አመጣ። ዴራ ዘመድ ጋ የሄደች ልጅ ከቆላው ነጣ ያለ፣ ልክ እንደ ዱቄት በጣት መሀል የሚፈስ አፈር ይዛ መጣች። ሜሮን ከግቢያቸው ጀርባ ያወጣችው ቢጫ ነው፤ ፌስታሉን በሁለት ጣት ጫፍ አንጠልጥላ አቀረበችው።

እናቴ ከእያንዳንዱ ቆንጥራ ጥርሷ ላይ አደረገች።

«ቀመሰችው!» አለ ክፍሉ በሙሉ።

«ቅመሱ» አለች። «አሸዋ ከሆነ ያንኮሻኩሻል። ለልስን የሚሆነው ዝም የሚለው ነው።»

ሃምሳ ምናምን ልጅ አፈር ቀመሰ። ቲቸር ይርጋም ቀመሰ። ከድር «የኔ ጥርስ ስለሌለ አልሰማም» ብሎ አለቀሰ፤ እናቴ በጎን ጥርሱ እንዲሞክር አሳየችው። መምህርት ጥሩወርቅ ከበሩ ላይ ሆነው ያዩን ነበር።

መጀመሪያ አካባቢ አማርኛዋ ላይ የሚስቁ ነበሩ። ወንዱን «አንቺ» ትላለች፣ ሴቷን «አንተ»። እኔ አንገቴን ደፍቼ ጆሮዬ ይነድ ነበር። እሷ ግን ሲስቁ አብራ ትስቃለች፤ ከዚያ ወደ ኦሮምኛዋ ትዞራለች። ስታስተምረን፣ ግድግዳ ላይ እጅ ስታስይዘን፣ የምትለው አንድ ቃል ነው፤ «ሱታ፣ ሱታ።» ቀስ፣ ቀስ ማለት ነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሱታ የክፍሉ ቃል ሆነ። ሒሳብ ሰዓት ላይ ሰው ሲቸኩል እንኳ ከኋላ «ሱታ!» የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር።

ከድር አንድ ቀን «የበሩ ጌጥ ምን ማለት ነው?» አላት። ቲቸር ይርጋም ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ ስለነበር ደብተሩን ይዞ ተጠጋ። እናቴ አሰበች። «ምንም ማለት አይደለም» አለች። «ሰው ይለብስ የለ? ቤትም ይለብሳል።» ቲቸር ይርጋ ይህንኑ ጻፈ።

ከዚያ ጥፋቴ መጣ።

ጭቃ ወዲያው አይመረግም። ከጭድ ጋር ተቦክቶ ሰባት ቀን መብላላት አለበት፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ውሃ እየተጨመረበት በእግር ይረገጣል። ጭዱ ካልበሰበሰ ግድግዳው ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ጉድጓዱ ከክፍላችን ጀርባ ተቆፈረ፤ እናቴ ጠዋት ሥራ ስላለባት መርገጡ ለእኔ ተሰጠ። የጭቃ ሠሪ ልጅ ስለሆንኩ። ሦስቱን ቀን ረገጥኩ። በአራተኛው ቀን ሽታው ተነሳ። የጎን ክፍል ልጆች አፍንጫቸውን ይዘው በመስኮት «ጁስ ቤት ተበላሸ! ጁስ ቤት ሸተተ!» አሉ። እግሬን አጥቤ ብገባም ሽታው አብሮኝ ገባ። ሜሮን ወንበሯን ከእኔ አራቀች። ስለዚህ አምስተኛውና ስድስተኛው ቀን አልረገጥኩም። ከላይ ውሃ ደፋሁበትና የተረገጠ አስመሰልኩት። እናቴ ስትጠይቀኝ «ረግጫለሁ» አልኩ።

አርብ ግድግዳውን መረግን። ሁሉም ልጅ እጁን አገባ። አቤት ደስታ! ሰኞ ጠዋት ክፍሉን ስንከፍት ግድግዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰነጣጥቋል፤ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ። የወላጆች ቀን ሊደርስ ሁለት ሳምንት አልሞላም። አቶ ፈይሳ በሩ ላይ ቆመው አዩ፤ ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ።

እናቴ ተጠርታ መጣች። ስንጥቁን አልነካችም። ከጫፉ አንድ ቁራጭ ነቅላ ሰበረችውና ውስጡን አየች። ጭዱ ቢጫ ነው፤ የሚያበራ፣ ትናንት ከአውድማ የመጣ የሚመስል።

«ይሄ ጭድ ገና ስንዴውን አልረሳም» አለች።

ከዚያ አየችኝ። አወቀች። ክፍሉ በሙሉ ወደ እሷ ያያል፤ መምህርት ጥሩወርቅ ያያሉ። አንድ ቃል ብትናገር የጥፋቱ ባለቤት እኔ ነኝ፤ ስሟ ይተርፋል። አልተናገረችም። ቲቸር ይርጋ ደግሞ የዋህ ነው፤ «ጥፋቱ የኔ ይመስለኛል፤ አፈሩን ያበዛሁት...» ብሎ ጀመረ።

አልቻልኩም። «እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። «ሁለት ቀን አልረገጥኩም!»

«ለምን?» አለች እናቴ።

«ይሸታል። ሳቁብኝ።» እንባዬ ወረደ። «ባንቺ... ባንቺም አፍሬ ነው።»

እንዲህ ብዬ በሰው ፊት ተናገርኩ።  እናቴ ቁራጩን ጭቃ በእጇ ፈረፈረችው።

«ይሸታል፤ ልክ ነሽ» አለች።  «ሲሚንቶ ቢሆን አለቅስ ነበር። ጭቃ ግን ይመለሳል። አፍርሱት።»

አፈረስነው። የደረቀውን ሰባብረን ጉድጓዱ ውስጥ መለስነው፣ ውሃ ደፋንበት፣ አዲስ ጭድ ጨመርን። በማግስቱ ጠዋት፣ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ጥርስ እያንገጫገጨ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ ዩኒፎርሜን ከጉልበቴ በላይ ሰብስቤ ገባሁ። የጎን ክፍል ልጆች መስኮት ላይ ተደረደሩ። «ጁስ ቤት!» አሉ። «ኑ ቅመሱ!» አልኳቸው። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፤ የእናቴ አፍ ነው። ከድር ገባ። ሁለት ልጆች ተከተሉት። ሜሮን ከዳር ቆማ ካልሲዋን አየች፣ እኛን አየች፣ እንደገና ካልሲዋን አየች። «እማዬ ትገድለኛለች» አለች፣ ካልሲዋን አውልቃ ኪሷ ከተተች፣ ገባች፣ ወዲያው አዳለጣትና በቂጧ ተቀመጠች። ሰማንያ ስምንቱ ውበት ጭቃ ውስጥ ተቀመጠ! እሷ ራሷ ከሁላችንም በላይ ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበሯን አላራቀችም።

ሰባቱን ቀን አንድም ሳይጎድል ረገጥን። መረግን። ለሰንን። በዚህኛው ሳምንት እናቴ ሥራዋን ትታ በየቀኑ መጣች፤ አቶ ፈይሳም አርብ ብቻ ነው አላሉም። ጌጡ ላይ ስንደርስ ግድግዳውን በስንዝር ከፋፍላ ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ስንዝር ሰጠችን። ዙሪያውን እሷ አሰመረች፤ ውስጡን የየራሳችን። ቲቸር ይርጋም አንድ ስንዝር ተሰጠው፤ መስመሩን ሦስት ጊዜ አስጠርጋዋለች።

የወላጆች ቀን መጣ። በሩ ሲከፈት ሰዉ መግቢያው ላይ ተጨናንቆ ቆመ። ጥቁሩ የሳጉሬ፣ ነጩ የዴራ፣ ቀዩ የኛ ሰፈር፣ ከጥግ እስከ ጥግ። ያ አሮጌ ጨለማ ክፍል ግድግዳው ብርሃን የሚሰጥ መሰለ። የከድር አያት፣ በከዘራ የሚሄዱ ሽማግሌ፣ እጃቸውን ወደ ግድግዳው ዘርግተው በኦሮምኛ «ኩን መነ ኬኛ» አሉ፤ ይሄማ የኛ ቤት ነው ማለታቸው ነው። እትዬ ብዙነሽ መነጽራቸውን አድርገው ቢጫውን ቀረብ ብለው አዩ፤ «ይሄ ከለር የት ነው የሚገኘው?» ብለው ጠየቁ።

«የኛ ግቢ» አለች ሜሮን። «ከሽንት ቤቱ ጀርባ።»

አቶ ፈይሳ ንግግር አደረጉ። ክፍለ ጊዜው ይቀጥላል፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ቲቸር ይርጋ ሥነ ውበትን በሁሉም ክፍል ያስተምራል አሉ። ተጨበጨበ። ከዚያ «አዴ ሎሚ አንድ ነገር ይበሉን» አሉ። እናቴ ተገፍታ ወደ ፊት መጣች። ሻሿን አስተካከለች። ያን ሁሉ ወላጅ፣ ያን ሁሉ መምህር አየች።

«ግድግዳውን አትደገፉ» አለች። «አልደረቀም።»

ንግግሯ ይሄው ነው። እኔ ደግሞ ከሰው መሀል «እናቴ ናት!» እያልኩ ለማያውቀውም ለሚያውቀውም ስናገር ነበር። ሜሮን ክንዴን ይዛ «ሁሉም ያውቃል እኮ፤ በቃ» አለችኝ።

ሰኔ ላይ የዓመቱ ካርድ ተሰጠ። ከዚያ በፊት የሆነውን የሰማሁት በኋላ ነው። መምህርት ጥሩወርቅ የስም ዝርዝሩን ይዘው እናቴን ክፍል ውስጥ አስገቧት። «የሥነ ውበትን ነጥብ እኔ አልሰጥም» ብለዋል። «ያስተማሩት እርስዎ ነዎት።» እናቴ ስም ማንበብ አትችልም፤ ግን የማን ስንዝር የት እንዳለ ታውቃለች። በግድግዳው አጠገብ ቀስ እያለች እየሄደች፣ እያንዳንዱን በጣቷ እየዳሰሰች ነጥቡን ተናገረች፤ ቲቸር ይርጋ ጻፈ። ከዚያ በእያንዳንዱ ካርድ ላይ፣ ከሥነ ውበት ጎን፣ አውራ ጣቷን ቀይ አፈር እየነከረች ፈረመች። የሁላችንም ካርድ ላይ። የሜሮንም።

ካርዴን ይዤ እየሮጥኩ ቤት ገባሁና ለእናቴ ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት፤ አንድም ሳልዘል።

«ሥነ ውበት...» ቁጥሩን ደግሜ አየሁት። «ሰባ ዘጠኝ?»

«እም» አለች።

«ሜሮን እኮ ሰማንያ አምስት ነው ያገኘችው! የራስሽን ልጅ!»

«ሁለት ቀን» አለች እናቴ። «ረግጫለሁ ያልሽኝ ሁለት ቀን።»

 እስክሪብቶዬን አወጣሁ። እጇን ዘረጋችልኝ፤ ጥፍሯ ሥር ገና ቀይ አፈር አለ። አውራ ጣቷን ሞነጫጨርኩላት፤ «የወላጅ ፊርማ» ከሚለው ላይ ተጫነችው።

ያ ካርድ ዛሬም አለኝ። ሁለት ክብ አለበት፤ ከላይ ያለው ቀይ ነው፣ ከታች ያለው ሰማያዊ። ሁለቱም መስመር የላቸውም። ከዚያ ክፍል ልጆች ሁሉ፣ በመምህር ቦታም በወላጅ ቦታም አንድ ጣት የፈረመላት እኔ ብቻ ነኝ።